ሙንዚር ጥፋተኛዋን ለውጥ ያደነበት ቀን

ይህ ታሪክ ቅንጣት ውሸት ቢኖርበት ምላሴ ይድረቅ! አዲሱ ከርነል፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት፣ የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር አልጭን ብሎ በቱኒዚያዋ ስፋቅስ ያለው ቢሮ ታመሰ። ችግሩን ያመጣችው ጥፋተኛ የኮድ ለውጥ እስከ ማታ ካልተገኘች ደንበኛው ውል ሊያፈርስ ነው። ፕሮግራመሩ ሙንዚር መቀመጥ አቅቶት እየተንቆራጠጠ፣ አንድ ሚሊዮን ለውጥ እንደ ሐብሐብ ለሁለት እየከፈለ ሞከረ። ሙከራው በከሸፈ ቁጥር ወደ ቀደመው ግማሽ እየዞረ፣ በመጨረሻ አንዷን አንገቷን አነቃት።

«ያዝኳት! አንበሳም እንዲህ አያድን!»

ባልደረባው ሲሄም የቱና ሳንድዊቿን እየገመጠች ስክሪኑን አየች።

«ወንድምዬ፣ እሷ እኮ ማብራሪያው ላይ የፊደል ስህተት ያረመች ናት። ማሽኑ ሲነሳ ለሙከራ የገነባኸውን ከርነል መምረጥ ረስተህ፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ የተበላሸውን ነው ስትሞክር የዋልከው» አለች ቀስ ብላ። «ትክክለኛዋን እኔ አግኝቼ፣ ከምሳ በፊት መፍትሔውን ለደንበኛው ልኬለታለሁ።»