ያለ ሪሌ የታሰረ ፓውዛ

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑን ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። ከአምስት ዓመት ወዲህ ግን መቆጣቱን ትቷል። ፓውዛ፣ ያንን ተጨማሪ የፊት መብራት፣ መግጠምም ትቷል። ለምን ሲሉት «ወገቤን ያመኛል» ይላል።

እውነቱ ሌላ ነው። ረጅም መብራት ሊሞክር መኪና ወደ ጋራዡ ግድግዳ አዙሮ ባበራ ቁጥር፣ ብርሃኑ መሃል አንድ ሰው ዓይኑን በእጁ ከልሎ ቆሞ ያያል። ሲያጠፋው ግድግዳው ባዶ ነው። ሰውየውን ያውቀዋል። በፒክአፕ ዕቃ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ፓውዛ ያስገጠመ ዕለት እዚያው ግድግዳ ሥር ቆሞ «ትንሽ ወደ ቀኝ» እያለ ብርሃኑን ሲያስተካክል ነበር። በዚያው ሌሊት ገደል ገባ። እንቅልፍ ጥሎት ነው ተባለ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት አረንጓዴ ፒክአፕ ይዛ መጣች።

«ከረጅሙ መብራት ጋር አብረው የሚበሩ ሁለት ፓውዛ ግጠምልኝ።»

«እኔ ፓውዛ አልነካም፣ እኅቴ።»

«አንተ ጠንቃቃ ነህ ብለውኝ ነው የመጣሁት። የምነዳበት መንገድ ሌሊት ድቅድቅ ጨለማ ነው። አባቴም እዚያው ነው የቀረው።»

እምቢ የሚልበት አፍ አጣ።

ዳሽቦርዱን ፈታታና ከሥሩ በጀርባው ተጋደመ። የመብራቱ ማብሪያ አዲስ ነው። ከኋላው ግን አንድ አሮጌ ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ልባሱ ቀልጦ ከሰል መስሏል። መጋጠሚያው ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰማያዊ ፕላስተር አለ። እንደዚያ የሚያስረው እሱ ብቻ ነው። ከገደል ወጥታ ስትጠገን ቀለሟ ስለተለወጠ መኪናዋን አላወቃትም ነበር፤ የገዛ እጁን ሥራ ግን አወቀ።

ያን ቀን ከባዱን ኃይል በማብሪያው ፋንታ የሚሸከመው ሪሌ አልቆበታል፣ ሹፌሩ ደግሞ ቸኩሏል። የሁለቱን ፓውዛ ኃይል በሙሉ በማብሪያው በኩል በቀጭን ሽቦ ሳበና «እስክትመለስ ያዘልቅሃል» ብሎ ሸኘው። ሽቦው ሲግል ማብሪያው ቀለጠ፤ መታጠፊያው ላይ መብራቱ ሁሉ ባንዴ ድርግም አለ።

ከሥር ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አባትሽን እንቅልፍ አልጣለውም» አላት። ከዚያ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ወጣቷ የተቃጠለውን ሽቦ ተቀብላ አገላበጠችው።

«እሱ ነው ያስቸኮለህ?»

«አስቸኩሎኛል። እምቢ ማለት ግን የኔ ሥራ ነበር።»

«ጨርሰው» አለች ፊቷን አዙራ። «ከዚያ እናቴ ጋ ትሄዳለህ። ከአንተ አፍ ትስማው።»

ተመልሶ ዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ወፍራሙን ሽቦ ከባትሪው አንስቶ በፊውዝ በኩል ወደ ሪሌው፣ ከሪሌው ወደ ፓውዛዎቹ ዘረጋ። ከረጅሙ መብራት የወሰደው ሪሌውን የምትቀሰቅስ አንዲት ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ፊት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲናገር፣ ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

«ከመሄዱ በፊት የነበረውን ሌሊት ስጨቀጭቀው ነው ያደርኩት» አሉ ሲጨርስ። «በማይረባ ነገር። ዓይኑን ሳይከድን ነጋበት። አምስት ዓመት ሙሉ የገደልኩት እኔ ነኝ ስል ኖርኩ። ለልጄ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።»

ልጅቷ አጠገባቸው ሄዳ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«ዛሬ አልችልም፤ አልዋሽህም። አሁን ሂድልኝ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ ተኝቼ አላውቅም፤ ልተኛ።»

ደጅ ወጥቶ ጫማውን ሲያስር፣ ከውስጥ የብረት አልጋው ሲንቋቋ ተሰማው።