የባትሪ ሳጥን እሳት

ወለተ ሥላሴ ገብረ ጻድቅን ስትጠላው ለጉድ ነው። ደብረ ብርሃን የተጣላ ጎረቤት ሞልቶባታል፤ እንደነዚህ ሁለቱ ግን የለም። እሱ ከአጥሯ ማዶ የጦሩን መኪናዎች ባትሪ የሚያድሰው ጋራዥ ኃላፊ ነው። እሷ አረቄ እያወጣች አንዲት ልጇን የምታሳድግ ብቸኛ ሴት ናት። ጋራዡ እርሳስ ባቀለጠ ቁጥር ጭሱ ግቢዋን ይሞላዋል፤ እሷም አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ የእርግማን መዓት ታወርድበታለች።

ዘንድሮ ነገሩ ከእርግማን አለፈ። ትንሿ አመተ ማርያም ፊቷ ገረጣ፤ ሆዷን እየቆረጣት እህል አልቀምስ አለች። ጨዋታዋን ትታ ግድግዳ ተደግፋ መዋል ሆነ ሥራዋ። የእናትየው አንጀት አረረ። "ያ ሰውዬ ልጄን በጭስ እየገደላት ነው" እያለች ከቀበሌ እስከ አውራጃ ያልጮኸችበት ደጅ የለም። ለጦሩ የሚሠራ ጋራዥ መክሰስ በዚያ በደርግ ዘመን ቀልድ አልነበረም፤ ጸረ አብዮት ተብላ ልትታሰር ትችል ነበር። እሷ እቴ፣ ደንታም አልሰጣት።

በስንት ጩኸት ከአዲስ አበባ ያሕያ የሚባል የኬሚስትሪ ባለሙያ ተላከ። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ብዙ አይናገርም። አየር እየሳቡ አቧራውን ነጭ ወረቀት ላይ የሚያስቀሩ ሁለት ሞተሮች ይዞ መጣና አንዱን ጋራዡ በር ላይ፣ ሌላውን እሷ ጓዳ ምድጃው አጠገብ ገጥሞ አዋለው። ወረቀቶቹ ላይ የቀረውን አቧራ ወስዶ መረመረና ተመልሶ ሁለቱንም ጋራዡ ግቢ አስጠራቸው።

"አቧራው ከሰል፣ ድኝና እርሳስ ነው" አለ። "ልጅቷን የመረዛት እርሳሱ ነው።"

ወለተ ሥላሴ ጣቷን ገብረ ጻድቅ አፍንጫ ሥር ቀሰረች። "ሰማህ፣ አንተ አረመኔ? ሰማህ?"

"ያስጨርሱኝ እንጂ፣ እናቴ" አለ ያሕያ። "የጋራዡም ጭስ እርሳስ አለበት። ጓዳዎ ውስጥ ያለው ግን ከዚህኛው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከአጥር ማዶ የመጣ ሳይሆን እዚያው የሚነድ ነው። ምንድን ነው የሚያነዱት?"

የምታነደው የባትሪ ሳጥን ነው። ጋራዡ ውስጡን አውጥቶ የሚጥለው ጥቁር ሳጥን ከኩበት ይልቅ ይቆያል፣ አረቄውንም ቶሎ ያወርደዋል። አምና "ጭስህን ካጠጣኸኝ አይቀር ማገዶ ስጠኝ" ብላ ስታስጨንቀው፣ አፏን እንድትዘጋለት ሳጥኑን በአጥሩ ላይ መወርወር የጀመረው ራሱ ገብረ ጻድቅ ነው። እርሳሱ ሳጥኑ ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር፣ አብሮም እንደሚጨስ ማን ነገራት?

ገብረ ጻድቅ ከት ብሎ ሳቀ። "ልጅሽን በገዛ እጅሽ መርዝ ስታጠጪ ከርመሽ በኔ ታላክኪያለሽ? አሁን እስቲ ጩኺ።"

ወለተ ሥላሴ ግን ብርድ በጠነከረ ቁጥር አመተን "ነይ ሙቂ" እያለች እዚያው ምድጃ ሥር ስታስተኛት ታያት። መሬት ቁጭ አለች። "እኔው ነኝ" አለች። "ትድንልኛለች ወይ?"

"እሳቱ ዛሬውኑ ይጥፋ፣ እሷም ሐኪም ቤት ትግባ፤ ተስፋ አለ" አለ ያሕያ። ከዚያ ወደ ገብረ ጻድቅ ዞረ። "ሳጥኑን ሌላ የወሰደ ሰው አለ?"

የገብረ ጻድቅ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። "ሚስቴ አራስ ናት" አለ በቀጭን ድምፅ። "ብርዱ ሕፃኑን እንዳይነካብኝ ብዬ... ማታም፣ ዛሬ ጠዋትም አንድጄላቸው ነው የወጣሁት። በሩ ተዘግቷል።"

ወለተ ሥላሴ ቀና ብላ አየችው። እግዜር በልጁ እንዲያሳየው ስንት ጊዜ ለምናለች። ይኸው አሳየው፤ እሷን ግን ደስ አላላትም።

"ምን ይገትርሃል፣ አንተ ድንጋይ" ብላ ጮኸችበት። "ሩጥ እንጂ። በሩን ክፈትላቸው።"

ሮጠ። እሷም መሬቱን ተደግፋ ተነሣችና የራሷን እሳት ልታጠፋ ሄደች።