የየኔነሽ ፎልደር

«እህቴ፣ እግርሽን አንዴ ሰብሰብ አድርጊልኝ» አለ ቡልቻ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ገመድ እየሳበ።

«ሰው እያስተናገድኩ ነው» አለች ጸሐፊዋ የኔነሽ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ዘርዓብሩክ በሩን ተደግፎ ሁለቱንም ይሰማል። አስኮ ባለው፣ ከአባቱ በወረሰው የጽሕፈት ቤት ከአምስቱ ኮምፒውተሮች ሦስቱ ተበላሽተዋል። አዲስ መግዛት የሚታሰብ አይደለም። ነጋዴው ቡልቻ ያመጣው ቲን ክላይንት ግን መጽሐፍ የሚያህል ሳጥን ነው፤ ለብቻው ምንም አይሠራም፣ ሁሉንም ነገር ከአንድ ዋና ኮምፒውተር ይቀበላል። ያገለገሉ ስለሆኑ አምስቱም ከነዋናው በሁለት አዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ይገኛሉ። ቡልቻ መልሱን እስከ አሥር ሰዓት ይፈልጋል፤ ሳንሱሲ ሰፈር ሌላ ገዢ ይጠብቀዋል።

«ዋናው ጥቅሙ ምን መሰለህ፣ ብሮ» አለ ቡልቻ፣ ጉልበቱን እያራገፈ ሲነሣ። «የሁሉም ወረቀት አንድ ቦታ ነው። ማንም የትም ቢቀመጥ የፈለገውን ያወጣል።»

የየኔነሽ ጣቶች ቆሙ። የውርስ አቤቱታ የሚያስጽፉት ሽማግሌ፣ አቶ መኳንንት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔም?»

«የእርስዎም፣ አባባ።»

«ታናሽ ወንድሜ የክሱን መልስ የሚያስጽፈው እዚያ ነው» አሉ፣ ምሳ የወጣውን የሁለተኛውን ጸሐፊ የበየነን ጠረጴዛ በአገጫቸው እያሳዩ። «እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ። ተካሰንም አንድ ቤት የምንገባው የአንዳችን ወረቀት ለሌላው ስለማይታይ ነው።»

የኔነሽ ወደ ዘርዓብሩክ ዞረች። «አሥራ አንድ ዓመት የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ ጽፌያለሁ። አባትህ እንኳ ኮምፒውተሬን ከፍተው አያውቁም። ይሄ ከገባ እኔ እወጣለሁ።»

ባይገዛ ቤቱ መዘጋቱ ነው። ቢገዛ እሷ ትሄዳለች፤ ያለ እሷም ቤቱ ያው መዘጋቱ ነው። ውጭ አገር ሲማር ሥራ በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠል የለበትም ብለውት ነበር። እውነት ይሆናል። እዚህ በር ገፍቶ የሚገባው ሁሉ ግን «የኔነሽ አለች?» ነው የሚለው። ሁለቱንም ማመን ደክሞታል።

«ለየሰዉ ፓስዎርድ ይደረጋል?» ሲል ቡልቻን ጠየቀው።

«አሁኑኑ!»

ቡልቻ ለየኔነሽ የራሷን ፎልደር አወጣላት። ፓስዎርዷን ስትጽፍ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ፤ አቶ መኳንንት ጭምር።

«በየነ አይከፍተውም?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቢሞት አይከፍተውም!»

«ተመስገን» አሉ ሽማግሌው። «በይ ቀጥይ፣ ልጄ።»

ቡልቻ ዘርዓብሩክን ወደ ደጅ ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንተ ፓስዎርድ ግን የሁሉንም ይከፍታል። ባለቤት አይደለህ? ለእሷ አልነገርኳትም። ተስማምታለች፣ ምን አስጨነቀህ? ካርቶኖቹን ላውርድ?»

ከኋላው የኔነሽ እንደገና መጻፍ ጀምራለች። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ለመክፈትም ሐሳብ የለውም። ዛሬ እንዲህ ይላል፤ ነገ ምን እንደሚል ግን እሱም አያውቅም።

«ቆይ፣ አታውርድ» አለው።

ተመልሶ ገባና ከአቶ መኳንንት አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የኔነሽ፣ አንዴ አቁሚ» አለ። «ያልተነገረሽ ነገር አለ።»