የአካባቢው ነዋሪ

1.

«በአካባቢያችን ዳቦ እንደ ልብ ሆኗል። እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት ገዝቼ ነው የመጣሁት።»


2.

አልገዛችም።


3.

በዚህ መጀመሬ ይቅር ይባልልኝ፤ ትርሲት ደምሴን ሰው ያወቃት ግን በዚህ ንግግሯ ነው። በማታው ዜና መሀል ዐሥራ አንድ ሰከንድ ታየች። ከሥሯ «ትርሲት ደምሴ፣ የአካባቢው ነዋሪ» የሚል ጽሑፍ አለፈ።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፋለች። ተዋናይት ለመሆን መመኘት የጀመረችው መቼ እንደሆነ እሷም አታስታውሰውም። እናቷ ግን «ስትወለጂም አለቃቀስሽ የተጠና ነበር» ይሏታል።


4.

እስካሁን የሠራኋቸው ሥራዎች

(ለፈተና ስትሄድ የምትሰጠው ወረቀት ነው። ጸሐፊዋም አባዢዋም ራሷ ናት።)

— የሰንበት ትምህርት ቤት መንፈሳዊ ድራማ፦ የምትሞት እህት
— የሳሙና ማስታወቂያ፦ እጅ
— ተከታታይ ድራማ፣ ክፍል ዘጠኝ፦ ሰርግ ላይ የምታጨበጭብ እንግዳ

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፉ

— የዳቦዋ ነዋሪ
— የመናፈሻዋ ነዋሪ፣ «የሁለት ልጆች እናት»። ልጅ የላትም። ነጠላውም የእናቷ ነው።


5.

አቶ ሽብሩ ክፉ ሰው አይደሉም። የወረዳው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ ናቸው፤ ሁለቱ ነገሮች እንዳይምታቱባችሁ ብዬ ነው።

የዳቦው ዕለት አስተያየት እንዲሰጡ የተዘጋጁት ነዋሪ ካሜራውን ሲያዩ ምላሳቸው ተሳሰረ። ጋዜጠኛው ሰዓቱን ያያል። አቶ ሽብሩ ላብ በላብ ሆነው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ዘው አሉ።

«አንቺ ድራማ ትሠሪያለሽ አይደል?»

«እሠራለሁ።»

«ነይ እስቲ፣ ሁለት ደቂቃ ነው።»

ሁለት ደቂቃም አልፈጀባት፤ በአንድ ቀረጻ ወጣላት። ካሜራማኑ ዐይኑን ከካሜራው አንሥቶ «አይ ፊት! እንዴት ነው የሚያሳምነው!» አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ስትጠብቅ የኖረች ልጅ፣ ምን እንዳሳመነች ቆም ብላ ታስባለች ብላችሁ አትጠብቁ። እየበረረች ነው ወደ ሥራዋ የተመለሰችው። ስለዚህ የወረዳው መናፈሻ ሲመረቅ አቶ ሽብሩ ዳግም ሲጠሯት ነጠላ ይዛ ሄደች።


6.

(የቃል ልውውጥ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ጊዜው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። አባ ወልደ ትንሣኤ የትርሲትና የእናቷ የንስሐ አባት ናቸው።)

ትርሲት፦ አባ፣ ትወና ኃጢአት ነው እንዴ?

አባ፦ ማን አለሽ?

ትርሲት፦ ማንም። ያልሆኑትን ሆኖ መናገር ነውና፣ ውሸት እንዳይሆን ብዬ።

አባ፦ ባለፈው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ድራማ ስትሞቺ አይቼሻለሁ።

ትርሲት፦ አዩኝ?

አባ፦ አይቼ አለቀስኩ። ፍትሐት ግን አላደረስኩልሽም።

ትርሲት፦ (ትስቃለች)

አባ፦ አየሽ ልጄ፣ እንዳልሞትሽ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ተስማምተን ነው የተለቃቀስነው። የዳቦው ዕለት ግን ዜናውን አየሁና በማግስቱ በጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ።

ትርሲት፦ የት?

አባ፦ ዳቦ ቤት ነዋ! በዚያ ዝናብ። «የንስሐ ልጄ አትዋሽም» ብዬ።

ትርሲት፦ እሺ?

አባ፦ ዝግ ነው።

ትርሲት፦ (ሻርፗን አፏ ላይ ትይዛለች)

አባ፦ ጥላዬንም ነፋስ ገነጠለው።


7.

እስከ ታክሲው ድረስ ሳቀች። ታክሲ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ግን አፈረች፤ ፊቷን በሻርፕ እስክትሸፍን ድረስ አፈረች። ሁለተኛ የማንም «ነዋሪ» ላትሆን ለራሷ ቃል ገባች።

ቃሏን አራት ቀን ጠበቀችው።


8.

ሐሙስ ከሰዓት ስልኳ ጠራ። የደወለችው ሩሃማ የምትባል ዳይሬክተር ናት፤ ትርሲት ከሦስት ሳምንት በፊት እሷ ዘንድ ተፈትናለች።

«የት ነው የማውቃት እያልኩ ስጨነቅ ለካ በዜና ነው! ፊትሽ የሚታመን ፊት ነው። ፈተናውን አልፈሻል።»

ሃያ ስድስት ክፍል ያለው ድራማ ነው። ገጸ ባሕርይዋ የወረዳ ጸሐፊ ናት፤ ስም አላት፣ እጮኛ አላት፣ ታኮርፋለች፣ በክፍል ዐሥራ ሰባት ደግሞ አለቃዋን በጥፊ ትላለች። ትርሲት ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አቅፋ መሳም ነው የቀራት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ሩሃማ። «ቀረጻውን እናንተ ወረዳ ግቢ ውስጥ ነው ያሰብነው። የትብብር ደብዳቤ* ካመጣሽልን ሚናው ያንቺ ነው። ካልሆነ ሌላ ወረዳ እንሄዳለን። እዚያ የተፈተነች ሌላ ልጅ አለች፤ የሰፈሩም ሰው እሷን ነው የሚተባበራት።»

* የትብብር ደብዳቤ፦ «አስፈላጊው ሁሉ ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» የሚል ወረቀት ነው። ትርሲት በሳምንት ዐሥር ያህል ትጽፋለች። መጻፍ የማትችለው ማኅተሙን ብቻ ነው።


9.

«ደብዳቤ? ቀላል ነው» አሉ አቶ ሽብሩ። «ማክሰኞ እናንተ ሰፈር የውሃ ቦኖው ይመረቃል። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ነዋሪዋ አንቺ ነሽ።»

«አቶ ሽብሩ፣ መስመሩ እኮ ገና አልተገናኘም።»

«ሮቶውን በቦቴ እንሞላዋለን። ለዕለቱ ይወርዳል።»

«ከዕለቱ በኋላስ?»

«ከዕለቱ በኋላ ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።»

ይህን ሲሉ አላፈጠጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። እንዲያውም ቀና ብለው አላዩዋትም። «ውሃው ገብቷል» የሚል ሪፖርት ከሄደ ወር ሆኖታል፤ አሁን ከሪፖርቱ ጋር የሚመሳሰል ሰፈር ማቅረብ የእሳቸው ዕዳ ነው። ከመሳቢያቸው አንዲት ወረቀት አውጥተው ሰጧት።

«ለዓመታት የቆየው የውሃ ችግራችን ተፈቷል። ከእንግዲህ ጄሪካን ይዞ መንከራተት ቀረ። ደስታዬ ወሰን የለውም።»


10.

የደስታ ልምምድ

(አንባቢም ይሞክሩት።)

ሀ. መስታወት ፊት ይቁሙ።

ለ. «ደስታዬ ወሰን የለውም» ይበሉ።

ሐ. ቅንድብዎን ዝቅ ያድርጉ፤ የተደሰተ ሳይሆን የደነገጠ ሰው መስለዋል።

መ. ድጋሚ።

ሠ. አሁን እናትዎ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን አዝለው ከኋላዎ ይግቡ። ጄሪካኑን ያውርዱ። ወገባቸውን ይዘው «እህህ» ይበሉና ይቀመጡ።

ረ. ድጋሚ።


11.

«ምን እየለፈለፍሽ ነው?» አሉ እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ።

ነገረቻቸው። ድራማውን፣ ደብዳቤውን፣ ቦቴውን፣ የአባን ጥላ ሳይቀር ነገረቻቸው። እናት እስከ መጨረሻው ሰሙና ጫማቸውን አወለቁ።

«በይው።»

«እማዬ!»

«በይው አልኩሽ እኮ። ውሃ እንደሆነ ከታች ሰፈር መቅዳቱን ለምጄዋለሁ። አንቺ እዚያች ፎቶ ኮፒ ቤት ስታረጂ ማየቱን ግን አልለምደውም።»

«ወገብሽስ?»

«ወገቤ ተዋናይት አይደለም፣ ተዪው።»

«ሰፈሩስ ምን ይለኛል?»

«ሰፈሩን ለእኔ ልቀቂው።»

ትርሲት እናቷን በጣም ነው የምትወዳቸው። በዚያች ደቂቃ ግን «ተይ፣ አትዋሺ» ቢሏት በወደደች ነበር። እናት የከለከሉትን ነገር መተው ምንኛ ይቀላል!


12.

ማክሰኞ። ረፋድ። ድንኳን፣ ሪባን፣ የፕላስቲክ አበባ። ቦቴው ሮቶውን ሞልቶ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተደብቋል፤ ግማሽ አካሉ ግን ይታያል። ሰፈርተኛው ቢጫ ጄሪካኑን ይዞ ተሰልፏል፤ ወይዘሮ አልጣሽም ከፊት ናቸው። የሃይማኖት አባቶች በተደረደሩበት ወንበር ላይ አባ ወልደ ትንሣኤ ከሰፈሩ ሼኽ ጎን ተቀምጠዋል።

ሪባኑ ተቆረጠ። ቧንቧው ተከፈተ።

ወረደ!

እልልታው የእውነት ነበር። የቦቴም ቢሆን ውሃ ውሃ ነው። ጋዜጠኛው በእልልታው መሀል ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ትርሲት መጣ።

ጋዜጠኛው፦ አሁን ደግሞ አንዲት የአካባቢውን ነዋሪ እናነጋግራለን። ስምዎን ቢያስተዋውቁን?

ትርሲት፦ ትርሲት ደምሴ እባላለሁ።

ጋዜጠኛው፦ ወይዘሮ ትርሲት፣ ውሃው በመግባቱ ምን ተሰማዎት?


13.

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። በእንቅልፏም ትወጣዋለች። አቶ ሽብሩ ከካሜራው ጀርባ ሆነው አብረዋት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ትርሲት፦ እኔ...

ጋዜጠኛው፦ እሺ?

ትርሲት፦ እኔ ተዋናይት ነኝ።

ጋዜጠኛው፦ አቤት?

ትርሲት፦ ተዋናይት ነኝ። የቤታችን ውሃ ቀጂ እናቴ ናት። እሷን ይጠይቋት።

ማይክሮፎኑንም ከጋዜጠኛው እጅ ወስዳ ለእናቷ ሰጠች። ጀግና አልላትም። ፈሪ ብትሏትም አትከራከራችሁም። መዋሸት አቃታት፣ እውነቱን መናገርም አቃታት፤ ያላት ይሄው ብቻ ነበር።


14.

ወይዘሮ አልጣሽ ማይክሮፎን ይዘው አያውቁም፤ በሁለት እጃቸው አንቀው ያዙት።

እናት «ገብቷል» ካሉ አቶ ሽብሩ ከሰዓት በኋላ ማኅተሙን ይመታሉ፣ ልጃቸውም የምትሠራውን ታገኛለች፤ ሰፈሩ ግን በወረቀት ላይ ውሃ ያለው ሰፈር ሆኖ ይቀራል። «አልገባም» ካሉ አገር ይሰማል፤ ሃያ ስድስቱም ክፍል ለዚያች ለማናውቃት ልጅ ይሆናል።

ወደ ቧንቧው አዩ። ውሃው መቅጠን ጀምሯል።

ወደ ልጃቸው አዩ። ልጃቸው ፊት ላይ ትወና አልነበረም።

ጋዜጠኛው፦ እናት፣ ውሃው ገብቷል?

ወይዘሮ አልጣሽ፦ …………………………………………