ጣቴ ሲጽፍ ጆሮዬ የት ሄደ

...ከውጭ ኃይል ካላረፈበት በስተቀር በነበረበት ይቀጥላል፣ ላክሁ፣ ነጠላ ሰረዙን ተይው፣ ባሲማ ይገባታል፣ ቲቸር አምላኩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረዋል፣ እሰይ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ፣ ስልኩ ዴስኩ ስር ጉልበቴ ላይ ነው፣ ከተያዝኩ የወንድሜ ስልክ እስከ ሰኔ ቢሮ መቆለፉ ነው፣ ግን ባሲማስ፣ እግሯ በጄሶ ታስሮ ቤት ከዋለች ወዲህ ትምህርቱን እየጻፍኩ የምልክላት እኔ ነኝ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደሆነ እግርሽ እስኪድን ልጠብቅሽ አይል።

ኢነርሺያ ምንድን ነው ሙሉሐረግ፣ ትላለች፣ ቆይ፣ ለሷ ስመልስ ቲቸር ሌላ ነገር አሉ፣ ምን አሉ፣ የክፍሉ ቴሌግራም ደግሞ ይንጫጫል፣ የነገው ኳስ በስንት ሰዓት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ፣ አየሁት ግን። አሁን ደግሞ በድምፅ ላከች፣ በኋላ እሰማዋለሁ።

ሙሉሐረግ።

ወይኔ።

ተነሽ እስቲ፣ ወደ ወረኢሉ የሚሄድ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ተሳፋሪው ወዴት ይሄዳል?

ስልኩን ኪሴ እየከተትኩ እነሳለሁ፣ በገዛ ጣቴ ጽፌዋለሁ እኮ፣ ቃል በቃል፣ የታለ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ጠብ ያለ ነገር የለም። ወደ... ወደ ወረኢሉ፣ ቲቸር።

ክፍሉ በሳቅ ያውካካል፣ እኔም ሳቄ መጣ፣ አውራ ጣቴ ኪሴ ውስጥ ምኑን እንደነካ እንጃ፣ ስልኩ የባሲማን ድምፅ ለቀቀው፣ ገባኝ! ወላሂ ገባኝ! ባጃጁ ሲቆም እኔ መች ቆምኩ፣ ወደ ፊት ተወርውሬ አይደል እግሬን የሰበርኩት፣ ኢነርሺያ ማለት እሱ ነዋ!

ቲቸር መጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ አለቀልኝ።

ባሲማ ናት?

ናት ቲቸር፣ እርስዎ የሚሉትን እየጻፍኩ እልክላታለሁ።

እሷስ ገብቷታል፣ አንቺስ?

እኔማ... ጽሕፈት ላይ ነበርኩ።

ሳቁ! ቲቸር አምላኩ፣ ፊታቸው የማይፈታው ሰውዬ፣ ከት ብለው ሳቁ። ደውይላት በይ አሉኝ፣ ደወልኩ፣ ስፒከሩን ከፍተው ጠረጴዛቸው ላይ አቆሙት፣ ባሲማ፣ አምላኩ ነኝ፣ ትሰሚያለሽ? እሷ በቀጭኑ፣ ቲቸር? ውይ ጉዴ! ክፍሉ ሁሉ ባንድ ላይ፣ አፊያ ነሽ ወይ ባሲማ! አልሐምዱሊላህ፣ እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች፣ ሁለቱንም መሰለኝ፣ አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ።

ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ክፍለ ጊዜ እዚህ ሆና ትሰማለች አሉ፣ ወደኔ ዞረው ደግሞ፣ አንቺ እጅሽን አሳርፊና ስሚ።

እጄን የት ላድርገው፣ ቀለለኝ፣ ዴስኩ ላይ አኖርኩት፣ ድምፃቸው ይሄን ያህል ጥርት ያለ ነበር እንዴ፣ አሁን ስለ ጋቢ ነው የሚያወሩት፣ ጋቢ ስናራግፍ አቧራው ለምን ይወጣል፣ ለምን፣ ቆይ፣ ጋቢውን እጃችን ይገፋዋል፣ አቧራውን ግን የገፋው የለም፣ ባለበት ይቀራል፣ ጋቢው ጥሎት ይሄዳል፣ ያ ነው! እሱ ነው! ባሲማ ከጠረጴዛው ላይ ቲቸር እኔ ልመልስ ትላለች፣ አይሆንም የኔ እመቤት፣ ይሄን እንኳ አልለቅልሽም፣ እጄ ወጥቷል፣ ቁሜያለሁ፣ ቲቸር፣ እኔ፣ እኔ፣