ያለ ሬሳ የማይወርድ ሙሾ

ለሦስተኛ ጊዜ የላክሁትን የድምፅ ቅጂ አማካሪዬ ዶክተር ይርጋ በሁለት መስመር መለሱልኝ። «ፍሬሰላም፣ የአስለቃሿ ድምፅ በሰው ጩኸት ተውጧል። ከዚህ ላይ ኖታ መጻፍ አይቻልም፤ ንጹሕ ቅጂ ይቅረብ።» ጊዜው ግንቦት አጋማሽ ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላስገባሁ ከዶክትሬት ፕሮግራሙ እሰረዛለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሃያ ሰዓት እያስተማርኩ፣ ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ደክሞኛል። ድካሙ ደግሞ ተኝቼ ስነሳ የሚለቀኝ ዓይነት አይደለም።

ጥናቴ ስለ ሙሾ ዜማ ነው። በመርሳ ዙሪያ ሰው ሲሞት ሙሾ የሚያወርዱት እትዬ አልታየች ናቸው። ለቅሶ ላይ ስቀዳቸው የሲኖትራኩ ጥሩምባ፣ ደረቱን የሚመታው ሰው፣ የልጆች ጩኸት ሁሉ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ቤታቸው በር ዘግተን ብቻቸውን እንዲያወርዱልኝ ለመንኳቸው።

«ሰው ሳይሞት?» አሉና አማተቡ። «ልጄ፣ ሞት ልትጠሪብኝ ነው? ያለ ሬሳ ሙሾ አላወርድም። እናቴም አላወረደች።»

ይህንኑ ለአማካሪዬ ጻፍኩ። «ማሳመን የተመራማሪ ድርሻ ነው» አሉኝ። እሳቸው ምን አለባቸው፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው!

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የሚያኮራ አይደለም። የታመመ ሰው ማጠያየቅ ጀመርኩ። ጋሽ ዳምጠው የሚባሉ ሽማግሌ አልጋ ከያዙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል አሉኝ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ርቆ ከብርቱካን ማሳ ጀርባ ስለሆነ መኪና አይሰማም። ሙዝ ገዝቼ ሄድኩ። በሳምንቱም ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ «የሥጋ ዘመድ እንኳ እንዳንቺ አልጠየቀን» እያሉ ሲመርቁኝ፣ እኔ መቅጃውን የት እንደማስቀምጥ በዓይኔ እፈልግ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ስደርስ ጋሽ ዳምጠው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ተሽሏቸዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ግን ሰው ስለዳነ አዘንኩ። እንዲህ ያለች ሴት ሆኛለሁ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ እትዬ አልታየች ዘንድ ሄድኩ። በርበሬ እየቀነጠሱ አገኘኋቸው። ሙዙንም መቅጃውንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ከበርበሬው አነሡ።

«ያንቺስ ቤት? የሞተብሽ ሰው የለም?»

«አባቴ አለ። እስራኤል ይባላል፣ መምህር ነበር።»

በጦርነቱ ወልድያ በተያዘች ጊዜ የስኳር መድኃኒቱ አልቆ ነው የሞተው። ያኔ መሰብሰብ ያስፈራ ነበርና አራት ጎረቤቶች ተሸክመው ቀበሩት። እናቴ ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በነጠላዋ ይዛ ዋለች። መንገዱ ሲከፈት ዘመድ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ተመለሰ፤ እኔም ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ።

«ማን አወረደለት?»

«ማንም።»

እትዬ አልታየች ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «እኔ ዘንድ አምስት ዓመት ስትመላለሺ ይሄን ሳትነግሪኝ! በይ ጠባዩን ንገሪኝ፤ ምን ይወድ ነበር? ምን ያስቀው ነበር?» እያሉ ጠየቁኝ፤ አቀባበሩንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና በሩን ዘጉ። መቅጃዬን አይተው «ክፈቺው» አሉ። «ላባትሽ ነው፤ ነውር የለውም።»

መኪና የለም፣ ድንኳን የለም፣ ሌላ አልቃሽ የለም። አምስት ዓመት የፈለግሁት ጸጥታ ይኸው ነበር። ድምፃቸው ከታች ተነሥቶ ቀስ እያለ ወጣ፦

«መምህር እስራኤል፣ አገር ያስተማረ፣
ባራት ሰው ትከሻ ሄዶ ተቀበረ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። መቅጃው አርባ ደቂቃ ይላል። መልሼ ለመስማት አቅም ስላጣሁ እንዳለ ላክሁት።

የዶክተር ይርጋ መልስ የመጣው ሰኔ ሃያ ስምንት ነው። «መጀመሪያ ላይ ሁለት ስንኝ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እጅግ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ሴት እየጮኸች ሁሉንም ሸፍናዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው ከመቅጃው ማራቅ እንዳለብሽ እስካሁን እንዴት አልተማርሽም?»

ያቺ ሴት እኔ መሆኔን አልጻፍኩላቸውም። ቅጂውን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ።