የአባቴ የሞርስ መምቻ

አባቴ ይመር፣ መርሳ ከተማ ላይ የቴሌግራም ሠራተኛ ነበሩ። መስመሩ ሲዘጋ መልእክት የሚመቱበትን የነሐስ ሞርስ መምቻ ለማስታወሻ ሰጧቸው። የዓይናቸውን ሞራ ላስገፍፍበት ብዬ በኢንተርኔት ጨረታ አወጣሁት። ይሄ የተረገመ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ወልድያ ድረስ ተመላልሼ፣ በመጨረሻ አንድ የውጭ አገር ሰብሳቢ አሸነፈ።

ልልክለት ሳጥን ይዤ ስገባ፣ መሸጡን የነገርኳቸው አባባ መምቻውን በሎሚና በአመድ ይፈትጋሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«የቆሸሸ መምቻ ለተረኛ ማስረከብ ነውር ነው!»

ሰውየው የፈለገው ያንኑ የዘመን ጥቁረት ነበር። የተፈተገውን ፎቶ አንስቼ ብልክለት፣ ግዢውን ተወው። ይህን በምን አፌ ልንገራቸው? ዛሬም በዳበሳ ይወለውሉታል። በር በተንኳኳ ቁጥር «ተረኛው መጣ?» ይሉኛል።